ጥሬ ዕቃውና ሠሪው፦ ቫይታሚን ዲ ሲጎድል የኩላሊት ሆርሞን የሚሆነው

ኩላሊት ደም አጣርቶ ሽንት ከማውጣት በተጨማሪ ሆርሞን ያመነጫል። ወደ ደም ከሚለቃቸው መካከል ሦስቱ በሰፊው ይታወቃሉ። ኤሪትሮፖይቲን የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲሠራ ያዛል። ሬኒን፣ በጥብቅ ሲታይ ኢንዛይም ቢሆንም፣ የደም ግፊትንና በሰውነት ውስጥ ያለውን የጨው መጠን የሚወስነውን ሰንሰለት ያስጀምራል። ሦስተኛው ካልሲትሪዮል ነው፤ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት በበቂ መጠን እንዲወስድ የሚያደርገው እሱ ነው። ካልሲትሪዮል ከሁለቱ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፦ ኩላሊት ከባዶ አይሠራውም። ጥሬ ዕቃው ቫይታሚን ዲ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የሚገኘው በአብዛኛው ቆዳ ላይ ካረፈ የፀሐይ ጨረር፣ በጥቂቱም ከምግብ ነው። ስለዚህ የዚህ ሆርሞን ሥራ የሚጓደለው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ጥሬ ዕቃው አልደረሰም፣ ወይ ሠሪው ታሟል። በሽተኛው ላይ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ አጥንት ይጠዘጥዛል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል። በደም ምርመራና በመድኃኒት ግን ይለያያሉ፤ አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ትርፉ ድካም፣ አንዳንዴም ጉዳት ነው።

የነገሩ ታሪክ የሚጀምረው ከኩላሊት ሳይሆን ከሕፃናት አጥንት ነው። የአውሮፓ የኢንዱስትሪ ከተሞች በከሰል ጭስ በተሸፈኑበት ዘመን፣ በጠባብ መንደሮች የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው ይቆለመም፣ የራስ ቅላቸው ይለሰልስ፣ የጎድን አጥንታቸው መጋጠሚያ ያብጥ ነበር። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። በ1919 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን ከቤት ሳያወጣ፣ አጃ በበዛበት ምግብ እያሳደገ ሪኬትስ እንዲይዛቸው አደረገ፤ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ሲሰጣቸው በሽታው ጠፋ። በዚያው ዓመት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት በሜርኩሪ መብራት ጨረር አዳነ። አንዱ መድኃኒቱ ምግብ ውስጥ ነው አለ፤ ሌላው ብርሃን ውስጥ ነው አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለው ሪኬትስን የሚፈውስ ንጥረ ነገር ቫይታሚን ኤ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ቀደም ብለው ከተሰየሙት ኤ፣ ቢ እና ሲ ቀጥሎ ባለው ፊደልም ጠራው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቪንዳውስ በዚህ ቤተሰብ ኬሚስትሪ ላይ በሠራው ሥራ በ1928 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ቫይታሚኑ አካል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ግን ለተጨማሪ አርባ ዓመት ያህል በደንብ አልታወቀም።

ዛሬ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታወቃል። በቆዳ ውስጥ ከኮሌስትሮል የማይርቅ አንድ ንጥረ ነገር አለ። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ በዓይን የማይታየው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው አልትራቫዮሌት ቢ ሲያርፍበት ቅርጹ ይለወጣል፤ ከዚያም በገላ ሙቀት ወደ ቫይታሚን ዲ ይቀየራል። የተሠራው ቫይታሚን ከአንድ ተሸካሚ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በደም ወደ ጉበት ይጓዛል። ጉበት ካልሲዲዮል ወደሚባል ቅርጽ ይለውጠዋል። ይህ ቅርጽ በደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ የሰውነት ተቀማጭ ሀብት ይኸው ነው፤ ሐኪም “የቫይታሚን ዲ ምርመራ” ብሎ ሲያዝ የሚለካውም እሱ ነው። ካልሲዲዮል ራሱ ጉልበቱ ደካማ ነው። ወደ ኃይለኛው ካልሲትሪዮል የሚለወጠው ኩላሊት ሲደርስ ነው። የተሠራው ካልሲትሪዮል መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ በደም ውስጥ ከካልሲዲዮል አንድ ሺህኛ ገደማ ቢሆን ነው፤ ዕድሜውም በሰዓታት ይቆጠራል።

ጥሬ ዕቃው ከፀሐይ የሚገኝ መሆኑ ሲነገር፣ የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ባለባት አገር ችግር ሊኖር አይችልም የሚል ሐሳብ ፈጥኖ ይመጣል። ሐሳቡ ትክክል አይደለም። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ በአዳማ ከተማና አካባቢዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ልጆች 42 ከመቶው እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከተማ ውስጥ 61.8 ከመቶ፣ ገጠር 21.2 ከመቶ ነበር። ሰማዩ አንድ ነው፤ የተለያየው ከሰማዩ በታች የሚያሳልፉት ሰዓት ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅና ቀኑን በክፍልና በቤት የሚያሳልፍ ልጅ እኩል ጨረር አያገኙም። ሕፃናት ላይ ደግሞ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይይዘዋል የሚለው ስጋት ይጨመራል፤ ጨቅላው ተጠቅልሎ ጓዳ ይከርማል። ቅቤ ቀብቶ ፀሐይ ማሞቅ የሚለው የቆየ ልማድ ከዚህ አንጻር ሲታይ ብልሃት አለው፤ የሚሠራው ግን ቅቤው ሳይሆን ፀሐይዋ ናት፤ በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባ ፀሐይ ደግሞ አትቆጠርም፤ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም። ምግብ የጎደለውን ይሞላል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። ቫይታሚን ዲ በብዛት ያለው ቅባታማ የባሕር ዓሣ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ደግሞ በእንቁላል አስኳል፣ በጉበትና በቅቤ ውስጥ ይገኛል። እንቁላል፣ ጉበትና ቅቤም ቢሆኑ በጾም ወራት ከገበታ ይርቃሉ።

ከአገር የወጣ ሰው ችግሩ ይብስበታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን ጨረሩን ስለሚመጥ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ያለው ሰው የሚሠራውን ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ከምድር ወገብ አጠገብ ጉዳት አልነበረውም፤ ጥበቃ ነበር። ቦስተን ውስጥ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የክረምት ወራት ፀሐይ በጣም አዘቅዝቃ ስለምትወጣ፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ውጭ ቢውል እንኳ ቆዳው ቫይታሚን ዲ እንደማይሠራ በ1988 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ከዚያ በስተሰሜን ባለችው የካናዳዋ ኤድመንተን ወቅቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይረዝማል። ሚኒያፖሊስም ሆነ ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ በዚሁ ስሌት ውስጥ ነው። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በ1995 የታተመ ጥናትም እጥረቱ በብዛት እንደሚታይ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚባባስ ዘግቧል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ፀሐይ ሞልታለች፣ ነገር ግን ሙቀቱ ሰውን ወደ ጥላ ያስገባል፤ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ደግሞ ውጭ የሚወጣበትን ሰዓት ራሱ አይመርጥም።

ኩላሊት ጥሬ ዕቃውን የሚቀበልበት መንገድ ከታሪኩ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ ሁለቱ በአንድ ላይ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። ከተሸካሚው ፕሮቲን ጋር የተጣበቀው ካልሲዲዮል ከሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ጋር በማጣሪያው አልፎ ወደ ቱቦው ይገባል። በዚያው ቢቀጥል ከሽንት ጋር ይወጣ ነበር። ነገር ግን በቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሜጋሊን የሚባል ትልቅ ፕሮቲን ይጠብቀዋል፤ ተሸካሚውን ከነሸክሙ ይዞ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስገባዋል። ሜጋሊን የሌላቸው አይጦች ተሸካሚውንም ቫይታሚኑንም በሽንት እንደሚያጡ፣ አጥንታቸውም እንደሚጎዳ በ1999 ታይቷል። በሕዋሱ ውስጥ ባሉት ማይቶኮንድሪያ ላይ የሚገኝ አንድ-አልፋ-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም ካልሲዲዮሉን ወደ ካልሲትሪዮል ይለውጠዋል፤ የተጠናቀቀው ሆርሞንም ወደ ደም ይመለሳል። ማጣራቱና ሆርሞን መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ይመስሉ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አንዱ ለሌላው መንገድ ጠራጊ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ለውጥ የሚካሄደው ኩላሊት ውስጥ መሆኑን በ1970 ያሳዩት በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፍሬዘርና ኢጎን ኮዲቼክ ናቸው። ሙከራቸው ቀላልና ቆራጥ ነበር። ኩላሊታቸው የወጣላቸው አይጦች ካልሲዲዮል እያላቸው የመጨረሻውን ቅርጽ መሥራት አቃታቸው። በ1971 የሆርሞኑ ኬሚካዊ ቅርጽ ታወቀ። የኩላሊት በሽተኞች አጥንታቸው ለምን እንደሚጎዳ፣ ተራው ቫይታሚን ዲ ለምን እንደማይበቃቸው ለረዥም ጊዜ የሐኪሞች እንቆቅልሽ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ መልስ አገኘ።

ኩላሊት ኢንዛይሙን እንዳሻው አያሠራውም። ትእዛዙ ከሁለት ቦታ ይመጣል። የመጀመሪያው ከአንገት ነው፤ ከታይሮይድ ጀርባ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም የሚመዝኑ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ካልሲየም ሳያቋርጡ መለካት ነው። ካልሲየም ትንሽ ዝቅ ሲል በሰከንዶች ውስጥ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለቃሉ፤ ይህ ሆርሞን በኩላሊት ውስጥ ኢንዛይሙን ያነቃቃል። ሁለተኛው ትእዛዝ ከአጥንት ይመጣል፤ አጥንት ኤፍጂኤፍ23 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ በ2000 የተለየው ይህ ሆርሞን ፎስፌት ሲበዛ ተነስቶ ኢንዛይሙን ይጫናል፣ ካልሲትሪዮልን የሚያፈርሰውን ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ያበረታል። ካልሲትሪዮል ራሱም ሲበዛ መሥሪያውን ዘግቶ ማፍረሻውን ይከፍታል። አንገት ያዛል፣ አጥንት ይከለክላል፣ ኩላሊት በመካከል ይሠራል።

አሁን ጥሬ ዕቃው ሲጎድል የሚሆነውን በቅደም ተከተል መከተል ይቻላል። በቂ ቫይታሚን ዲ ያለው ሰው አንጀቱ በምግብ ውስጥ ካለው ካልሲየም ከ30 እስከ 40 ከመቶ ይወስዳል፤ ቫይታሚኑ ሲጠፋ ወደ 10 ወይም 15 ከመቶ ይወርዳል። ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም ከእንጀራው ያገኛል፤ አንጀት ካልወሰደው ግን መብላቱ ብቻ አይበቃም። የደም ካልሲየም ዝቅ ማለት ሲጀምር ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ይነሣሉ። የሚለቁት ሆርሞን ሦስት ነገር ያደርጋል። ከአጥንት ካልሲየም ያወጣል፤ ኩላሊት ካልሲየምን እንዲቆጥብና ፎስፌትን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ ኢንዛይሙንም ይገፋፋል። የተገፋፋው ኢንዛይም በቀረችው ጥቂት ካልሲዲዮል ላይ ሙሉ ኃይሉን ያሳርፋል። ውጤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ግር የሚያሰኝ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ያነሰው ሰው ደም ውስጥ ካልሲትሪዮሉ ልከኛ፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ሆኖ ይገኛል። የሚወርደው ክምችቱ እጅግ ሲሟጠጥ ብቻ ነው።

በዚህ የተነሣ “ኃይለኛው ሆርሞን ስንት ነው?” ብሎ መለካት፣ ቀጥተኛ መስሎ ሳለ፣ እጥረትን ለመለየት የማይረባ ምርመራ ነው። ልከኛ ውጤት ይዞ የተመለሰ በሽተኛ ጤነኛ ነህ ተብሎ ሊሰናበት ይችላል፤ የደሙ ካልሲየምም ልከኛ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ የተጠበቀው አጥንቱ እየከፈለ ነው። እውነቱን የሚናገሩት ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው፤ የወረደ ካልሲዲዮልና የወጣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን። ከዚያ ቀጥሎ ፎስፌት ይወርዳል፤ አጥንት የሚጠነክረው ካልሲየምና ፎስፌት ሲገናኙ በመሆኑ፣ የፎስፌቱ በሽንት መፍሰስ አዲስ የሚሠራውን አጥንት ለስላሳ ያደርገዋል። በሚያድግ ልጅ ላይ ይህ ሪኬትስ ነው፤ በአዋቂ ላይ ኦስቲኦማሌሺያ ይባላል፤ የወገብ፣ የዳሌና የጭን ሥር የሰደደ ሕመም ሆኖ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በሪህ ወይም በብርድ ይሳበባል።

ስንት ካልሲዲዮል ይበቃል በሚለው ላይ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። በ2011 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ለአብዛኛው ሰው አጥንት በሚሊሊትር 20 ናኖግራም ይበቃል አለ፤ በዚያው ዓመት ኢንዶክሪን ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር 30 ይሁን አለ። ማኅበሩ በ2024 ባወጣው መመሪያ 30 የሚለውን ግብ ትቷል። ውጤቱን የሚያነብ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር መለኪያው ነው፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ በናኖሞል በሊትር ይጽፋል፤ 20 ናኖግራም በሚሊሊትር 50 ናኖሞል በሊትር ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚያነብ ሰው ራሱን በከንቱ ያስደነግጣል ወይም በከንቱ ያጽናናል።

ሠሪው ሲታመም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊት ወይም በሌላ ምክንያት ኔፍሮኖች እየሞቱ ሲሄዱ፣ የቀሩት ጥቂቶች የቀኑን ፎስፌት በሙሉ ማስወጣት አለባቸው። አጥንት ይህን ተረድቶ ኤፍጂኤፍ23 ያበዛል፤ ሆርሞኑ ፎስፌቱን ያስወጣል፤ ነገር ግን በዚያው እጁ የካልሲትሪዮልን መሥሪያ ይዘጋል። ስለዚህ ካልሲትሪዮል መቀነስ የሚጀምረው ኩላሊቱ ገና ብዙ ሥራ እየሠራ፣ ፎስፌቱም በደም ምርመራ ልከኛ ሆኖ ሳለ ነው። ኤፍጂኤፍ23 ሥራውን የሚሠራው ክሎቶ ከሚባል፣ በ1997 በጃፓን ተመራማሪዎች ከተገኘ ፕሮቲን ጋር ነው፤ በኩላሊት በሽታ ክሎቶ እየቀነሰ ስለሚሄድ አጥንት ለአንድ ውጤት የበለጠና የበለጠ ሆርሞን ማምረት ይኖርበታል። ካልሲትሪዮል ሲያንስ አንጀት ካልሲየም አይወስድም፤ ዕጢዎቹን የሚያሳርፋቸውም አይኖርም፤ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይወጣል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ኔፍሮኖቹ እጅግ ሲያንሱ፣ የደሙ ፎስፌትም ከፍ ይላል፤ አጥንት ይሸረሸራል፤ ካልሲየምና ፎስፌት በደም ሥር ግድግዳ ላይ መጋገር ይጀምራሉ። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ቆዳው ሲያሳክከው፣ አጥንቱ ሲያመውና ሐኪሙ ስለ ፎስፌት ሲያስጠነቅቀው የሚታየው የዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱ ችግሮች መደራረብ አለ፤ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ያለ በቂ ትኩረት ያልፉታል። የታመመ ኩላሊት ያለው ሰው ካልሲዲዮሉም ዝቅተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ድካም ቤት ያውለዋል፤ የምግብ ገደቡ ብዙ ነው፤ በሽታው ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ተሸካሚው ፕሮቲን ከነቫይታሚኑ አብሮ ይሄዳል። ወፍጮው ተጎድቷል፣ የሚመጣለት እህልም አንሷል። ጤነኛ ኩላሊት በጥቂት ካልሲዲዮል ብዙ መሥራት ሲችል፣ የታመመው ይህ አቅም የለውም፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው ቀላል የሆነ እጥረት ለእሱ ቀላል አይደለም።

ተፈጥሮ ሁለቱን ችግሮች ለያይታ የምታሳይበት ብርቅ በሽታ አለ። አንዳንድ ሕፃናት አንድ-አልፋ-ሃይድሮክሲሌዝን የሚሠራው ጂን ተበላሽቶ ይወለዳሉ። ኩላሊታቸው በሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ፀሐይም ምግብም አግኝተዋል፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሪኬትስ ይይዛቸዋል። የተለመደው የቫይታሚን ዲ መጠን አያድናቸውም፤ ካልሲዲዮላቸው ልከኛ ወይም ከፍተኛ ሆኖ ካልሲትሪዮላቸው ግን እጅግ ዝቅተኛ ነው። ካልሲትሪዮሉ ራሱ በማይክሮግራም በሚለካ ትንሽ መጠን ሲሰጣቸው ይድናሉ። በሌላ ብርቅ ዓይነት ደግሞ ሆርሞኑ በሽበሽ ነው፣ የተበላሸው ግን በሕዋሳት ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን ነው፤ እነዚህ ልጆች ሪኬትስ ይዟቸው ካልሲትሪዮላቸው ጣሪያ ይነካል፤ ብዙዎቹም ፀጉር የላቸውም። የጥሬ ዕቃ ማጠር፣ መሥራት አለመቻል፣ መስማት አለመቻል፤ ሦስቱም እክሎች እግር ያቆለምማሉ።

የካልሲትሪዮል ተጽዕኖ በኩላሊት በራሱ ሆርሞኖች ላይም ይደርሳል። በ2002 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ያን ቹን ሊ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት፣ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ሬኒናቸው በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ እንደሚል፣ የልባቸው ግድግዳም እንደሚወፍር አሳየ። ካልሲትሪዮል የሬኒንን ጂን ይገታል ማለት ነው። ግኝቱ ትልቅ ተስፋ አስነሣ፤ ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው ሰዎች የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ መገኘቱም ተስፋውን አጠናከረው። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ይህን አልደገፉም፤ ቫይታሚን ዲ የወሰዱ ሰዎች የደም ግፊታቸው ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር የሚቆጠር ለውጥ አላሳየም። አይጥ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር ሰው ላይ መድኃኒት ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የደም ግፊት ክኒኑን ትቶ ቫይታሚን የሚገዛ ሰው ያላግባብ አደጋ ውስጥ ይገባል። በኤሪትሮፖይቲንና በደም ማነስ በኩል ያለው ግንኙነትም ተመሳሳይ ነው። ቫይታሚን ዲ ብረትን የሚያስቀምጠውን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ይህም በመርሕ ደረጃ ለመቅኔ ብረት ያቀርባል። በኩላሊት በሽታ ለሚመጣ የደም ማነስ ግን ዋናው ሕክምና ብረትና ኤሪትሮፖይቲን እንደሆነ ቀጥሏል።

ሕክምናው ከላይ የተባለውን ልዩነት ይከተላል። ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖ ጥሬ ዕቃ ላጠረው ሰው ተራው ቫይታሚን ዲ ይበቃዋል፤ የቀረውን ኩላሊቱ በልኩ ይሠራል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ 800፣ ለጨቅላ 400 እንዲደርሰው የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት መክሯል፤ አዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4000 መብለጥ አይገባውም። ለዚህ ሰው ካልሲትሪዮል መስጠት ልክ አይደለም፤ ካልሲትሪዮል የኩላሊትን መቆጣጠሪያ ዘልሎ ስለሚገባ የደም ካልሲየምን በፍጥነት ሊያስነሣ ይችላል፤ ባዶ የሆነውን ክምችትም አይሞላም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው እንኳ ሐኪሞች ዛሬ ከበፊቱ ይቆጠባሉ። በ2012 ውጤቱ የታተመ ሙከራ፣ ዲያሊሲስ ላይ ላልደረሱ የኩላሊት በሽተኞች ከካልሲትሪዮል ጋር የሚመሳሰለው ፓሪካልሲቶል ተሰጥቶ የልባቸው ግድግዳ እንዳልተሻሻለ፣ ካልሲየማቸው ግን እንደጨመረ አሳየ። ከ2017 ወዲህ ያለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያም ለእነዚህ በሽተኞች ካልሲትሪዮልና ዘመዶቹ በተለምዶ እንዳይሰጡ፣ በሽታው ወደ መጨረሻዎቹ ደረጃዎች ሲደርስና ፓራታይሮይድ ሆርሞን አለማቋረጥ ሲያሻቅብ ብቻ እንዲታሰቡ ይላል። ተራው ቫይታሚን ዲም ቢሆን ኩላሊትን ከመድከም አይጠብቅም፤ በ2019 የታተመ ትልቅ ሙከራ ዓይነት ሁለት ስኳር ላለባቸው ሰዎች በቀን 2000 ዩኒት ለአምስት ዓመት ሰጥቶ የማጣራት አቅማቸው ካልወሰዱት የተሻለ እንዳልሆነ አረጋግጧል። እጥረቱ የጎዳው አጥንት ይታከማል፤ ለኩላሊት በሽታ ግን ፈውስ ሆኖ አልተገኘም።

የብዛቱም ጉዳት የሚያርፈው ኩላሊት ላይ ነው። ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ጥማት፣ ብዙ ሽንት፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ይመጣል፤ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል፣ ራሱ የኩላሊቱ ሥጋም በካልሲየም ይጋገራል። በተለይ መጠንቀቅ የሚገባቸው ሳርኮይዶሲስ ወይም ቲቢ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በእነዚህ በሽታዎች እብጠቶቹ ውስጥ የሚሰበሰቡት የመከላከያ ሕዋሳት የራሳቸውን አንድ-አልፋ-ሃይድሮክሲሌዝ ያበራሉ፤ የእነሱ ኢንዛይም ደግሞ ለፓራታይሮይድም ለአጥንትም ትእዛዝ አይገዛም። ይህ በማያሻማ መንገድ የታወቀው በ1981 ነው፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ የሌሉት የሳርኮይዶሲስ በሽተኛ ካልሲትሪዮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጤነኛ ሰው በደህና የሚወስደው መጠን እንዲህ ያለውን ሰው ሆስፒታል ሊያስገባው ይችላል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሠሪውን ሚና ከሁሉ በላይ ያሳያል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 ነው። አዲሱ ኩላሊት ሥራ ሲጀምር ካልሲትሪዮል ከጥቂት ጊዜ በኋላ መመለስ ይጀምራል። አንገትና አጥንት ግን ለዓመታት የለመዱትን ወዲያው አይተዉም፤ ፓራታይሮይድ ሆርሞንና ኤፍጂኤፍ23 ለወራት ከፍ ብለው ስለሚቆዩ ጤነኛው ኩላሊት ፎስፌት ያለ ልክ ያስወጣል፤ ትናንት ፎስፌት በዛብህ ይባል የነበረ ሰው ዛሬ አነሰህ ይባላል። ዕጢዎቹ በጊዜ ብዛት ካደጉ ደግሞ ከእንግዲህ የካልሲየምን መጠን የማይሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ አንዳንዶቹ በቀዶ ሕክምና ይወጣሉ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች የቆዳ ካንሰርን ዕድል ስለሚጨምሩ ከጠንካራ ፀሐይ እንዲጠበቅ ይመከራል፤ ጥሬ ዕቃውንም የሚያገኘው በአብዛኛው ከክኒን ነው።